ወራሼ ማርያም ናት

ከመናገር መስማት ይቀለኛል። አባቴ መዝሙረ ዳዊት ሲያስደግሙኝ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» እያሉ ነው ያሳደጉኝ። ዝንብና ትንኝ በማይጠፋበት በፎገራ ሜዳ ስለኖርሁ ምክሩን አጥብቄ ይዣለሁ። ዛሬ ግን ረዘም አድርጌ ልጽፍ ነው። ይቅር በሉኝ፤ የተከፈተው ብዕሬ ነው፣ አፌ እንደተዘጋ ነው።

ነገሩ የሆነው ባጃጅ ወረታ በገባ ሰሞን ነው። ያኔ ሁሉ ሰው ይደራጅ ነበር። ሴቱ ይደራጃል፣ ወጣቱ ይደራጃል፣ ድንጋይ ጠራቢው ይደራጃል። ሳልደራጅ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርሁ። ገንዘቤም እንደኔው ሳይደራጅ በሩዝ ከረጢት ውስጥ ይኖር ነበር።

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ የምተዳደረው ሩዝ ከገበሬ ገዝቼ፣ አስፈልፍዬ፣ ገበያ አውጥቼ በመሸጥ ነው። ተመስገን፣ ሦስት ልጆች አሳድጌበታለሁ። ትልቋ የሺ ሐሙሲት አግብታ ትኖራለች። ደሳለኝ ባሕር ዳር የጭነት መኪና ይነዳል። ትንሿ ማስተዋል አሥረኛን ጨርሳ ደብረ ታቦር ባለ አንድ የግል ኮሌጅ ነርስነት ልትማር ቆርጣ ተነሥታለች። የመመዝገቢያዋን ገንዘብ ሁለት ዓመት ሙሉ አጠራቀምሁ። ከረጢቱ ውስጥ፣ ከሩዙ ሥር፣ በላስቲክ ጠቅልዬ።

ሐምሌ ላይ ያንኑ ከረጢት ሸጥሁት።

አዎ፣ ሸጥሁት። ከከረጢት ከረጢት ምን ይለያል? ገዢዋ ምግብ ቤት ያላት ሴት ነበረች። በማግሥቱ ላስቲኩን ይዛ መጣችና «እህቴ፣ ይኼ ሩዝ አይበስልም» አለችኝ። እግዜር ይስጣት፤ አንድም ብር አልጎደለም። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የዋህ ገዢ ሁልጊዜ አይገኝም። ገንዘቤ ቤት ያስፈልገዋል አልሁ።

መጀመሪያ የሄድሁት ባንክ ነው። ክረምት ነበር። የፎገራን ዋልካ ጭቃ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እግር ይዞ አይለቅም። ባንኩ በር ስደርስ ወለሉ እንደ መስተዋት ያበራል። አፈርሁ። የላስቲክ ጫማዬን በር ላይ አወለቅሁና ነጠላዬን አስተካክዬ ገባሁ።

«እማማ፣ ምን ማድረግዎ ነው?» አለኝ ዘበኛው።

«ወለሉ እንዳይቆሽሽ።»

ውስጡ ጸጥ ያለ ነው። ሰው ሁሉ ቆሟል፣ ማንም አያወራም። ድምፄን ዝቅ አድርጌ አንዷን «ሴቶች የሚቆሙት በየት በኩል ነው?» አልኋት። አየችኝ። ከዚያ ባዶ እግሬን አየችው። ከዚያ ቁጥር የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት ሰጠችኝ። ወረቀቷን እንደ ጠበል ቤት እምነት ጨብጬ ቆምሁ። ሰዎች ይጠራሉ፣ ይሄዳሉ። እኔ ስሜን እየጠበቅሁ ነው፤ እነሱ ለካ የሚጠሩት ቁጥሩን ነው። ቁጥሬ ከተጠራ አንድ ሰዓት ካለፈው በኋላ ወጣሁ። ጫማዬ የለም። ጽዳት ሠራተኛዋ የተጣለ መስሏት ከቆሻሻው ጋር ወስዳዋለች። መቼም ያን ጫማ ያየ አይፈርድባትም። ባንኩንም አልተቀየምሁም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። በባዶ እግሬ ቤቴ ገባሁ።

ጎረቤቴ ጥሩወርቅ እስክትጠግብ ስቃ ስታበቃ «የቁጠባና ብድር ማኅበራችን አይሻልሽም?» አለችኝ። «እዚያ ሰው እንጂ ቁጥር አይጠራም።»

እውነቷን ነው። ማኅበሩ ቀበሌው ግቢ ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል ናት። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ የብረት ሣጥንና አንድ ሙሉቀን አሏት። ሙሉቀን የሂሳብ ሠራተኛው ነው። ወለሉ አፈር ስለሆነ የማንንም ጫማ አይንቅም። በገበያ ቀን ጥቂትም ቢሆን አስገባለሁ፣ ስፈልግ አወጣለሁ። ደግሞም ገንዘቡን የሚበደሩት እኛው ነን፤ አንዱ በሬ ይገዛበታል፣ አንዱ ሩዙን ያሳርምበታል። ብሬ ከረጢት ውስጥ ከሚተኛ የጎረቤቴ ማሳ ላይ ሲያርም ቢውል ይሻላል። ወሰንሁ።

የገበያ ቀን ነበር። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል። ሙሉቀን አንገቱን ደፍቶ ቅጹን ይሞላል።

«ዕድሜ?»

ገመትሁለት።

«የልጆች ብዛት?»

«ሦስት፤ ተመስገን።»

«‹ተመስገን› አይጻፍም፣ እትዬ። ወራሽ?»

«ምን?»

«ወራሽ። ድንገት አንድ ነገር ቢሆኑ ገንዘቡን የሚወስድ። አንድ ስም።»

እዚህ ላይ ቆምሁ። ነገሩን እንድትረዱልኝ ስለ ጋቢው ልንገራችሁ። ባለቤቴ ሲያርፍ አንድ ጋቢ ትቶ ነበር። የሺ «እኔ የፈተልሁት ነው» አለች። ደሳለኝ «የአባቴ ነው፣ ለወንድ ልጅ ይገባል» አለ። እኔ ዝም አልሁ። በዚያ ጋቢ ምክንያት ሁለት ፋሲካ አንድ ማዕድ ላይ አልተቀመጡም። አሁንም ሲገናኙ ሰላምታቸው እንደ ቀበሌ ስብሰባ ነው። ለአንድ ጋቢ እንዲህ የሆኑ ለቁጠባ ደብተር ምን ይሆናሉ? የሺን ባጽፍ ደሳለኝ፣ ደሳለኝን ባጽፍ የሺ፣ ማስተዋልን ባጽፍ ሁለቱም። ከኋላዬ ያለው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ማርያም» አልሁ።

ሙሉቀን ቀና አላለም። «የአባት ስም?»

«ኢያቄም።»

«ዝምድና?»

«እናቴ ናት።»

«አድራሻ?»

«እዚሁ ወረታ፣ ደብሩ።»

«ዕድሜ?»

ይህን ማን ያውቃል!

«ለጊዜው ሰረዝ እናድርግበት። እዚህ ላይ ይፈርሙ።»

ፈረምሁ። እውነት ለመናገር የገባው መስሎኝ ነበር። የማስተዋልን ገንዘብ ሁሉ አስገባሁና እንደ ቆረበ ሰው ቀልሎኝ ወጣሁ። እመቤቴን የሚከሳት ልጅ የለኝም።

የማኅበሩ ደንብ ግን ሌላ ነገር ይላል። የአዲስ አባላት ስም ከነወራሻቸው በር ላይ ይለጠፋል፤ ተቃውሞ ያለው ሰው እንዲያቀርብ ነው። ጥቅምት ሲገባ ተለጠፈ። ሰው ሁሉ ሲያልፍ ያያል፣ ምንም አይልም። አንድ ቀን የደብራችን መሪጌታ ሊበደሩ ሄዱና ወረፋ ሲጠብቁ አነበቡት። «ማርያም ኢያቄም… እናት…» አሉ። ደግመው አነበቡ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁና «ጎበዝ! ይቺ ሴት ያላትን ሁሉ ለእመቤታችን አውርሳለች!» አሉ።

ሰው ሲያወርስ ለምንድን ነው? ሊሞት ሲል ነው። ገበያው በዚህ ተስማማ።

መጀመሪያ ጥሩወርቅ መጣች፤ ሙዝ ይዛለች። «ለምን ደበቅሽኝ?» አለችና አለቀሰች።

«ምኑን?»

«ሕመምሽን።»

«ደህና ነኝ።»

«እሷ መቼ ታማርራለች!» አለች ወደ ግድግዳው ዞራ።

ከዚያ ሌሎቹ መጡ። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ አምቦ ውሃ። ደህና ነኝ ስል ከንፈር ይመጣሉ። ዝም ስል የባሰ ይመጣሉ። አንዷ ነጠላዬ ያደፈ መሆኑን አይታ «ልብስ ማጠብ እንኳ አቅቷት» አለች። ሩዝ እያበጠርሁ ስለነበር ነው። አንዷ ደግሞ ሆዴን ዳሰሰችና «እዚህ ጋ ነው አይደል?» አለችኝ። ቁርስ አልበላሁም ነበርና «አዎ» አልኋት። የሠራሁት ትልቁ ስሕተት ይህ ነው።

ሰኞ ዕለት ወሬው ከአንድ የሚኒባስ ረዳት ጋር ሐሙሲት ደረሰ። የሺ ከበር ጀምራ «እማዬን! እማዬን!» እያለች ገባች። እኔ እንክርዳድ እየለቀምሁ ነበር። ደንግጬ ተነሣሁ።

«ማነው የሞተው?»

«አንቺ!» አለችኝ።

ተቃቅፈን ቆምን። ሳልሞት መቆየቴ ያናደዳት ይመስል ደረቴን መታችኝ። ማታ ደግሞ ደሳለኝ ደረሰ። የጫነውን ሲሚንቶ ጓደኛው ላይ ጥሎ መምጣቱ ነው። ኮፍያውን በእጁ ይዞ አጠገቤ ቆመ።

«እማ፣ ማርያምን አልቃወምም» አለ።

«ማን ይቃወማታል!» አለች የሺ።

«አልተቃወምሁም አልሁ እኮ! ብቻ…» ኮፍያውን አዞረው። «እኛ ምን አጠፋን?»

እዚህ ላይ መናገር ነበረብኝ። ጋቢውን ማንሣት ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው ግን «ደህና ነኝ፣ እራት ብሉ» ነው።

ማክሰኞ ጠዋት የንስሐ አባቴ መምሬ አስረስ ሁለት ዲያቆናት አስከትለው መጡ። መጽሐፈ ቀንዲል ይዘዋል፤ በጠና ለታመመ ሰው የሚደገም ጸሎት ነው። እኔ ከወፍጮ ቤት እየተመለስሁ ነበርና በራፍ ላይ ተገናኘን።

«ልጄ፣ ደክመሻል አሉን» አሉ።

«ደህና ነኝ፣ አባቴ።»

«የተሸከምሽው ምንድን ነው?»

«ሩዝ።»

«ስንት ኪሎ?»

«ሃያ አምስት።»

መምሬ ዲያቆናቱን አዩ። ዲያቆናቱ እሳቸውን አዩ። መጽሐፉን ወደ ማኅደሩ መለሱትና «ደኅንነትሽንስ አየሁ። የቀረውን ስትፈልጊ ትነግሪኛለሽ» ብለው ሄዱ። በወረታ ከተማ በዓይናቸው ያዩትን ያመኑ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ያን ጊዜ ደሳለኝ ደግሞ ማኅበሩ ቢሮ ነበር። ልጄ ነው፣ ለኔ አስቦ ነው። «እናቴ በጠና ታማለች፤ በድካሟ ሰዓት ማንም ገንዘቧን እንዳያስወጣት» ብሎ ማመልከቻ ጽፎ ፈርሞ አስገባ። ሊቀ መንበሩም አመሰገኑትና ደብተሬን አገዱት።

ይህን ሳላውቅ ረቡዕ ዕለት ሄድሁ። የኮሌጁ ምዝገባ የሚዘጋው ዐርብ ነው።

ሙሉቀን ሲያየኝ ብድግ አለ። እንደ ሙት እየፈራኝ ወንበር አቀረበልኝ።

«ገንዘብ ላወጣ ነው» አልሁት።

«እትዬ፣ አይቻልም። በጠና ታመዋል።»

«ቆሜያለሁ።»

«እኔ አይቼዎታለሁ። የልጅዎ ማመልከቻ ግን አላየዎትም።»

«ታዲያ ምን ይደረግ?»

ደንቡን አወጣ። ገለጠ። አነበበ። ፊቱ ቀስ በቀስ ተለወጠ። «እግዱ የሚነሣው… አመልካቹ ቢተወውም… የተመዘገበው ወራሽ… ቀርቦ ሲፈርም ነው» አለ።

ውጭ ባጃጅ ያልፋል።

«ወራሽዎ» አለ ቀስ ብሎ፣ «እ… መቼ ይመቻቸዋል?»

ሊቀ መንበሩ በበሩ ብቅ አሉ። ደንቡን ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ አንድ አባል ከሚስቱ ጋር በተኳረፈ ቁጥር ደብተሩን እያሳገደ፣ በታረቀ ቁጥር እያስነሣ አሰልችቷቸው ነው። «ደንብ ደንብ ነው፣ እትዬ» አሉኝ። «ለአንድ ሰው ከተጣሰ ለሁሉም ይጣሳል። ወራሽዎን ያቅርቡ።» ከዚያ የተናገሩት ነገር ገባቸውና አማተቡ። «ወይም ወኪላቸውን» አሉ።

ማስተዋል ቤት ሆና ቦርሳዋን አዘጋጅታለች። ከዐርብ ካለፈ አንድ ዓመት ትጠብቃለች። ከዓመት በኋላ ደግሞ ማን ያውቃል? የእኩዮቿ የሠርግ ጥሪ በየሳምንቱ ይመጣል። ስመለስ ፊቴን አይታ ምንም ሳትጠይቀኝ ቦርሳዋን ከአልጋው ሥር ገፋችው። ይህ ከሙዙ ሁሉ አሳመመኝ።

ሐሙስ ገና ሲነጋ፣ ቅዳሴ ሲያልቅ፣ መምሬ አስረስ እግር ሥር ቁጭ አልሁ። ሁሉንም ነገርኋቸው። ሳይስቁ ሰሙኝ። ማለቴ እስከ «ኢያቄም» ድረስ ሳይስቁ ሰሙኝ።

«ስለት ነው?» አሉኝ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ስለት ከሆነ አይነካም።»

«አይደለም፣ አባቴ።»

«እንግዲያ ለምን አስጻፍሽ?»

«ልጆቼ እንዳይጣሉ።»

«ይህማ ስለት አይደለም፤ ሽሽት ነው። ልጆችሽን ፈርተሽ ከእመቤታችን ቀሚስ ሥር ተደበቅሽ።» መቋሚያቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ። «ደግሞ እናቴ ናት ካልሽ፣ ልጅ እናቱን ይወርሳል እንጂ እናት ልጇን ትወርሳለች?»

«እና ይፈርሙልኝ» አልኋቸው።

«እኔ? በእመቤታችን ስም? ስንት ራስ ቢኖረኝ!» አሉ። አሰቡ። «ደብሩ ግን ደብዳቤ ይጽፋል። ውርስ አልጠየቅንም፣ ሴትዮዋም ጤነኛ ናት ብሎ። እሱን እኔ እፈርማለሁ።»

ጻፉ፣ ፈረሙ። ማኅተም ቀረ። ማኅተም የሌለው ደብዳቤ በኛ አገር ሰላምታ ነው። ማኅተሙ ደግሞ የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ጋሽ ፈንታሁን ዘንድ ነው፤ ከኮቱ ኪስ አይለየውም። ኮቱ ከሱ አይለይም። እሱ ደግሞ ሰሞኑን ከሩዝ ማሳው አይለይም። ሩዙ ፍሬ ይዟል፣ ግሪሳ ወፍ ወርዷል።

በባጃጅ እስከ መንገዱ ማለቂያ ሄድን። ከዚያ በእግር። መምሬ ጫማቸውን በአንድ እጅ፣ ጃንጥላቸውን በሌላው ይዘው ጭቃውን ከፊቴ ይመትሩታል። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ስትደርስ ጋሽ ፈንታሁን ከሩቅ ታየን፤ ማማ ላይ ቆሞ ወንጭፍ ያጮኻል።

«ውረድ! ማኅተም እንፈልጋለን!» አሉት መምሬ።

«መምሬ፣ ይፍቱኝ! ከወረድሁ ይጨርሰኛል!» አለ። እውነቱን ነው፤ ወፉ እንደ ደመና ነው።

«አንድ ሰው ይተካህ!»

ሁለቱም እኔን አዩኝ።

ማማ ላይ ወጣሁ። ወንጭፍ አላውቅም፤ ያለኝ አፌ ብቻ ነው። ወፎቹ ሲቀርቡ «እሽ» አልሁ።

«እትዬ!» አለ ጋሽ ፈንታሁን ከታች። «የግል ጸሎት አይደለም! ጮኽ ይበሉ!»

«እሽ!» አልሁ። አንዲት ወፍ ዞር ብላ አየችኝና መብላቷን ቀጠለች።

ከታች ደግሞ ሌላ ችግር ተፈጥሯል። የማኅተሙ ቀለም ደርቋል። ጋሽ ፈንታሁን ምራቁን እንትፍ ሊልበት ሲል መምሬ ጮኹ፤ «አንተ! የእመቤታችን ስም የተቀረጸበት ላይ!» ኪሳቸውን ዳበሱና የጠበል ጠርሙስ አወጡ። ቀለሙ ላይ ጠብ አደረጉ። ጋሽ ፈንታሁን ወረቀቱን ኮቱ ላይ ዘርግቶ ቀለሙን በማኅተሙ ማሸት ጀመረ። እኔ ያን እያየሁ ግሪሳው ከምሥራቅ በኩል ወረደ። የሰው ልፋት ነው፣ የሰው ጉሮሮ ነው። በኔ ሰበብ ሊበላ ነው። ያን ጊዜ አንድ ነገር ውስጤ ተፈታ።

«ሂዱ!» አልሁ። «ሂዱልኝ! አልታመምሁም! ሙዝ አልፈልግም! ደህና ነኝ ማለት ደህና ነኝ ማለት ነው! ደሳለኝ! የሺ! ጋቢውን እሳት ይብላው! አንዳችሁም አላጠፋችሁም! እኔ ነኝ የፈራሁት! እኔ ነኝ! ሂዱ!»

ወፉ ተነሣ። ሜዳው ሁሉ ተነሣ ማለት ይቻላል። አጠገብ ካለው ማሳ ያለውም ተነሣ። ከኋላዬ እልልታ ሰማሁ። ዞር ስል ከወረታ የሚመለሱ ሴቶች መንገዱ ላይ ቆመዋል። ሁለቱ ሙዝ ይዘው የመጡልኝ ናቸው። አንደኛዋ ተንበርክካለች።

«ትናንት ልትሞት የነበረች!» ትላለች። «ድምፅዋን ስሙት! እመቤቴ ወራሿን አዳነቻት!»

ወራሿ እመቤቴ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም። ግን በዚያ ሰዓት ማን ያርማታል።

ማኅበሩ ሊዘጋ ሩብ ጉዳይ ሲቀረው ደረስን። ሦስቱም ልጆቼ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ሙሉቀን ደብዳቤውን ተቀበለ። አነበበ። ማኅተሙን አየ፤ በክቡ ውስጥ የእመቤታችን ስም ጥርት ብሎ ወጥቷል። ረጅም ጊዜ ተመለከተው።

«እንግዲህ» አለ፣ «ራሷ ፈረመች ማለት ነው።» ሊቀ መንበሩም አይተው ኮፍያቸውን አወለቁ። እግዱ ተነሣ።

«አሁን አዲሱ ወራሽ ማን ይሁን?» አለ ሙሉቀን ብዕሩን አንሥቶ።

ማማ ላይ የጮኸችው ሴት የት እንደገባች አላውቅም።

«ማስተዋል ትሁን፤ ትንሿ ናት» አለ ደሳለኝ።

«የለም፣ እሱ ይሁን፤ ትንሿን መንከባከብ የሚገባው እሱ ነው» አለች የሺ። ከዚያ አንገቷን ደፍታ፣ «ጋቢውም እንዲሁ ሣጥን ውስጥ ብል እየበላው ነው። ስትመጣ ውሰደው» አለችው።

«እኔ ብርድ አይበርደኝም፣ እቴ» አላት። ከሁለት ፋሲካ በኋላ «እቴ» ሲላት መስማቴ ነው።

«ሦስታችንንም መጻፍ አይቻልም እንዴ?» አለች ማስተዋል።

ሙሉቀን ተገረመ። «ለምን አይቻልም? አንድ ስም ከፊት፣ የቀረው ከቅጹ ጀርባ ነው የሚጻፈው። ሰው ሁሉ እንደዚያ ያደርጋል። እትዬ አልጠየቁኝም እንጂ!»

የሺ መጀመሪያ ሳቀች።

ገንዘቡን ተቀበልሁ። ዐርብ በማለዳ ማስተዋልን ይዤ ደብረ ታቦር ወጣሁ። ሰልፉ ረዝሞ ምዝገባው ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ስሟ ተጻፈ። ደረሰኙን ሲሰጧት ሁለት ጊዜ አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ተመስገን። ይህን ቃል ማንም አይጻፍም አይበለኝ።

በሚቀጥለው ገበያ የሩዙን ሽያጭ ላስገባ ወደ ማኅበሩ ሄድሁ። ሰልፉ ከበሩ ወጥቶ፣ የቀበሌውን አጥር ዞሮ፣ ባጃጅ መቆሚያው ደርሷል። ሙሉቀን ሲያየኝ ሮጦ ወጣ።

«እትዬ፣ በሥላሴ ይዤዎታለሁ! ይንገሯቸው! ይህ ሁሉ አባል ልሁን ይላል። ጥሩ ነው፣ ደስ ይላል። ግን ወራሽ ስላቸው ሁሉም ‹ማርያም› ይሉኛል። ‹ማርያም ኢያቄም፣ እናት፣ አድራሻ ደብሩ› ብለው በቃላቸው ያውቁታል! እንዳልታመሙ ይንገሩልኝ!»

ደረጃው ላይ ቆምሁ። ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። ሰልፉ ውስጥ ገበሬ አለ፣ ነጋዴ አለ፣ በምርኩዝ የቆሙ አሮጊት አሉ።

«ስሙኝ» አልሁ። «እመቤቴ ረድታኛለች፤ ምስጋና ይድረሳት። ግን ሕመም አልነበረብኝም። ከሕመም አይደለም ያዳነችኝ። ልጆቼን ከመፍራት ነው። አንዱን ብጽፍ ሌላው ይቀየመኛል ብዬ ነበር የፈራሁት። በሽታዬ ይኸው ነበር፤ ሌላ የለም።»

ሙሉቀን በረጅሙ ተነፈሰ። ሰው ተበትኖ ይሄዳል ብዬ ጠበቅሁ።

አሮጊቷ ምርኩዛቸውን ከፍ አድርገው ሰዉን እየገፉ ወደፊት መጡ።

«ታዲያ እኔን ሌላ ምን ያመመኝ መሰለሽ?» አሉ። ወደ ሙሉቀን ዞሩ። «ሰባት ናቸው። ጻፍ፣ ልጄ፣ ማርያም ኢያቄም!»